በግድግዳው ላይ ያለው በረኛ

ፓይሳንዱ በሚሏት የወንዝ ዳር ከተማ፣
በሽማግሌዎች ቤት፣ በሐምሌ ጨለማ፣
በር እጠብቃለሁ፤
ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጎህ እስኪቀድ ድረስ፣
መራራውን ማቴ በቅል እየቀመስኩ፣ ከምድጃው ጥግ ስደርስ።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ ብሪሳ ትመጣለች፣
ከትምህርቷ ወጥታ ጥያቄ ይዛለች፤
«ጭንቅላትም ይዝጋል ካልሳሉት፣ እንደ ቢላ»
ትላለች፤ ወረቀት ታወጣለች ኋላ።
ያን ዕለት እንዲህ አለች፦
«ስሙ ከተጠራ፣ ዝናው ከተሰማ፣
ከሞተም፣ ካለም ሰው፣ ከሩቅም ከተማ፣
አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ለአንድ ማታ ብቻ፤
ማን ይምጣ? ከማን ጋር ትቀመጡ አቻ ለአቻ?»

ዶኛ ዜኖቢያ አላወላወለች፣
«የታንጎው ዘፋኝ ነው፣ ባለ ባርኔጣው» አለች፤
«ደብዳቤ ጽፌ ነበር በሃያ ዓመቴ፣
መልሱን ይዞ ይምጣ፤ ይኸው ነው ምኞቴ።»
ጡረተኛው ሥጋ ሻጭ ጉልበቱን አሸና፣
«ጨረቃን የረገጠ ይምጣልኝ» አለና፣
ጥቂት አሰበበት፦
«ጫማውን ግን ደጅ ያውልቅ፤ አቧራ ነውና።»
አንዷ ተኝታለች። አንዱ «ማንም» አለ፣
«ሰው በዝቶብኝ ኖሯል፤ ይብቃኝ እስካሁን ያለ።»

ከዚያ ኦሌጋሪዮ።
ኦሌጋሪዮ ኢቱራልዴ፣ ስሙ በተነሣበት
ግማሹ የሚያለቅስ፣ ግማሹ የሚተፋበት፤
ያ ታላቁ በረኛ፣ መዳፉ እንደ አካፋ፣
ስንቱን ያዳነ እጅ፣ ባንድ ሌት የጠፋ፤
ዛሬ ሾርባ ሲቀርብ ማንኪያውን የሚረሳ፣
የልጁን ስም ትቶ የውሻውን የሚያነሣ።

እጁን ቀስ አንሥቶ ግድግዳውን አሳየ።
ፀሐይ የበላው ፎቶ፤ አንድ ወጣት በአየር ላይ፣
ጥቁር ሹራብ፣ ኳሷ በጣቱ ጫፍ።
«ያንን ሰውዬ» አለ። «እስኪ ጥሩልኝ።
ምሳ በበላሁ ቁጥር ቁልቁል ያየኛል።
ልጠይቀው እሻለሁ፤ እሱ ግን አይወርድም፣
ሁልጊዜ አየር ላይ ነው፣ መሬት አይነካም።»
ብሪሳ ሳቀች። ከዚያ ገባት፤
ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ቀረባት።

በረኛ አይጠየቅም።
ቢጠይቁኝ ኖሮ ግን መልስ ነበረኝ።
ሰባት ዓመቴ ነው። አባቴ ብስክሌት ጠጋኝ፤
ጎረቤቱ ሁሉ ሱቃችን ውስጥ፣ ሬዲዮ ከቦ፣
የጎማ ሙጫ እየሸተተን፣ ትንፋሽ ከትንፋሽ ተሳስቦ፤
የመጨረሻዋ ምት።
ኳሷ ወደ ግራ። እሱ ወደ ቀኝ።
አባቴ ምንም አላለም። ሬዲዮውን አቅፎ
ወንዝ ድረስ ሄደ፤ ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር።
አርባ ሦስት ዓመት አንዲቷን ሳመላልስ ኖርኩ፦
ለምን ወደ ቀኝ?
ይኸው ሰውየውን ካገኘሁት አራት ዓመት ሆነኝ፤
የጫማውን ክር አስራለሁ፣ ቁልፉን እቆልፋለሁ፣
ግን የምፈልገው ሰው እሱ ጋ የለም።

በዚያው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲል፣
ነጠላ ጫማ ሰማሁ ኮሪደሩን ሲጎትት።
በሩ ጋ መጥቶ ቆመ።
«አንተ ማነህ?» አለኝ።
«በረኛው ነኝ።»
ፊቱ በራ። እጄን ሳበ፤ መዳፌን ገልብጦ
ጣቶቼን ለካቸው ከጣቶቹ አጋጥሞ።
«አንተን እኮ ነው ዕድሜዬን የፈለግሁህ!
ንገረኝ፣ አልቆጣም። ወደ ቀኝ ለምን ወደቅህ?»

ምን ልበለው?
«የመቺው ትከሻ አታለለኝ» ልል ነበር፤ ተውኩት።
«አንዱን መምረጥ ነበረብኝ፤ መረጥኩ» አልኩት።

ብዙ ዝም አለ። ማቴዬ ቀዘቀዘ።
ከዚያ ትከሻዬን በአካፋ እጁ ያዘ፤
«እኔም ብሆን» አለኝ፣ «ወደ ቀኝ ነበረ።»
ሊተኛ ዞረና፣ ሦስት እርምጃ ሄዶ
ቆመ፤ ፊቱን ወደ እኔ ሳይመልስ፦
«በሩን ጠበቅ አድርገው» አለኝ።
«እንዳይገባ።»